የቁጥር አራት ቆዳ

ናሙናው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ በረዶ በሞላበት ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። ከበረዶው መሃል አንዲት ጠርሙስ ወጣች፤ በጠርሙሷ ውስጥ ሮዝ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል የሰው ቆዳ ነበረች። የተለጠፈው ወረቀት ስም የለውም። ቁጥር፣ የፍርድ ቤት ማኅተም፣ «ሴት፣ ዕድሜ አሥራ አራት ወር» የሚል ጽሑፍ፣ በቃ።

የተቀበለችው ሴት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ማየት ልማዷ ስለሆነ ማንም ነገሬ አላለውም፤ በቤተ ሙከራው «ሚዛን» የሚል ቅጽል ያወጡላትም ጨው እንኳ አንዴ መዝና ስለማታምን ነው። ያን ቀን ግን ሁለተኛ ያነበበችው ለማጣራት አልነበረም። ቆዳው ከማን እንደተቆረጠ ታውቃለች። የታናሽ ወንድሟ ልጅ ናት። ሰኞ ከሰዓት ከክንዷ ላይ ሲቆርጡላት እናትየዋ ከበሩ ውጭ ቆማ ደውላላት ነበር።

ወንድምየው ብረት በያጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ እጁ አካፋ ያህላል። ከሁለት ወር በፊት ልጁ እግሯን አላስነካ ብላ ስታለቅስበት የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ አቅፏት ሐኪም ቤት ሮጠ። ራጅ ተነሣች። አንድ ስብራት ይገኛል ሲባል አምስት ተገኘ፤ ሁለቱ ትኩስ፣ ሦስቱ ጠግገው የቆዩ። ሐኪሙ ራጁን አየ፣ የአባትየውን እጅ አየ፣ ጎን ካለው ክፍል ገብቶ ፖሊስ ጠራ። ያን ዕለት ማታ ሳይደርስ ልጅቷ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ አባትየው ወደ ጣቢያ ተወሰዱ። እናትየዋም «አይታ ዝም ብላለች» ተብላ ልጇ አጠገብ እንዳትደርስ ታገደች።

ጠበቃው አጥንትን እንደ ብርጭቆ የሚያደርግ፣ በዘር የሚወረስ በሽታ እንዳለ ከአንድ ሐኪም ሰምቶ ለዳኛው አመለከተ። ዳኛውም ዘረመሏ ይመርመር አሉ። በአገሩ ያን ዘረመል የሚያጠና ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ኮሪደር። እዚያ ውስጥ ናሙና ተቀብላ የምትሠራው ደግሞ ሚዛን ናት።

የቤቱ ሕግ ግልጽ ነበር፤ ሠራተኛ የዘመዱን ናሙና አይነካም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ለሆኑት ፕሮፌሰር ብትናገር ጠርሙሷን ከእጇ ወስደው ለባልደረባዋ ይሰጡታል። ባልደረባዋ ፊልም የሚያጥበው ሰውዬ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ስላሳለፈ «ጨለማው» ይሉታል። ደግ ሰው ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ነገር ግን ቱቦዎቹ ላይ ምልክት ሳይጽፍ ምሳ የሚወጣ ሰው ነው። «የወንድሜን ዕድሜ መደርደሪያ ላይ ትቶ ምሳ ይወጣል» ብላ አሰበች። ጠርሙሷን ወደ ማሞቂያው ወሰደቻት። ለማንም ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ አምስት ሳምንት ሥራ ሆነ። ከምስሯ ፍሬ ሴሎች እየፈለቁ የብርጭቆውን ወለል እስኪሸፍኑ ጠበቀች። አጠበቻቸው፣ አፈረሰቻቸው፣ አልኮል ጨመረችበት፤ ከደመናው ውስጥ ነጭ ክር መጣ፤ በቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ጠቅልላ አወጣችው። በየዓመቱ መቶ ጊዜ የምታየው ነገር ነው። ይሄኛው ክር ግን ስትስቅ አፍንጫዋን የምትሸበሽብ ልጅ መሆኑን ለመርሳት ጥርሷን ነከሰች።

ኮላጅን የሰውነት ገመድ ነው፤ ቆዳን፣ ጅማትን፣ አጥንትን አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ሦስት ክሮች ተገምደው ይሠሩታል። ገመዱ ጠበቅ እንዲል በየክሩ በየሦስተኛው ቦታ ከሁሉም ያነሰችው ቅንጣት መቀመጥ አለባት፤ ከመሃል ለሌላ የሚሆን ቦታ የለም። ከሺህ ቦታ በአንዱ ተለቅ ያለች ከገባች ገመዱ እዚያ ላይ ይላላል። ገመዱ የላላ አጥንት ደግሞ ሽንት ጨርቅ ሲቀየር ሊሰበር ይችላል። የዚህን ገመድ ትእዛዝ የያዘው ዘረመል ከሃምሳ በላይ ቁራጭ ሆኖ፣ በየመካከሉ ምንም የማያዝ ረጅም ጽሑፍ ገብቶበት የተበታተነ ነው። ፕሮፌሰሩ ለይተው ለማውጣት ዘጠኝ ዓመት ፈጅተዋል። ትዳራቸውም በዚያው አልቋል፤ እሳቸው ይህን ሲናገሩ አንደኛው ከሌላኛው ጋር ዝምድና እንደሌለው አድርገው ነው።

ስሕተት ካለ የሚፈለገው በመቁረጥ ነው። ኢንዛይም እንደ መቀስ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ቃሏን ካገኘ ይቆርጣል፣ ካላገኘ ያልፋል። ቁርጥራጮቹ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲጎተቱ ትንንሾቹ ይቀድማሉ፣ ትልልቆቹ ይዘገያሉ፤ በመጨረሻም ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ሆነው ይወጣሉ። ብቻውን የቆመ መስመር ግን ትርጉም የለውም። አጠገቡ የጤነኛ ሰው መኖር አለበት፤ መተያየት ያለበት ከዚያ ጋር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ቤቱ የራሱ ወግ ነበረው። ሠራተኛ ሲቀጠር ከክንዱ ትንሽ ቆዳ ይሰጣል። ፕሮፌሰሩ ያሳድጉትና ቁጥር ይሰጡታል፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ከእሳቸው ደብተር በስተቀር የትም አይጻፍም፤ ሰው የራሱን መስመር እያየ እንዳይጨነቅ። ሚዛንም ከስድስት ዓመት በፊት ሰጥታለች። ሠራተኞች ከሰጧቸው ስምንት ናሙናዎች ሳይሞት የዘለቀው ቁጥር አራት ብቻ ነበር። ማቀዝቀዣው ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ፍንክች አላለም። ከዚያ ወዲህ «ጤነኛ» ሲባል ቁጥር አራት ማለት ሆነ። ጨለማው የእኔ ነው ባይ ነበር። ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «ቁመናውን እይው እስቲ፣ ይሄ የኔ ካልሆነ የማን ይሆናል» ይላታል። እሷም ምሳ ሰዓት ላይ ጠፍቶ የማያውቅ ቆዳ ከሆነ የአንተ ሊሆን አይችልም ትለዋለች።

ስድስት መቀሶች ሞከረች። በስድስቱም የልጅቷና የቁጥር አራት መስመሮች አንድ ዓይነት ወጡ። ሰባተኛው በዚያ ወር የደረሰ፣ በቤቱ ተሞክሮ የማያውቅ ኢንዛይም ነበር፤ መጠኑም ለሁለት ናሙና ብቻ የሚበቃ። አንዱን ለልጅቷ፣ አንዱን ለቁጥር አራት አደረገችው።

ፊልሙ ሲወጣ በልጅቷ ረድፍ አራት መስመር ነበር። ሦስቱ ከዘረመሉ ካርታ ጋር ይስማማሉ። አራተኛዋ ከላይ፣ ፈዘዝ ብላ ተቀምጣለች፤ መቀሱ ቃሉን አጥቶ ያለፈበት ቦታ አለ ማለት ነው። «አገኘሁት» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። አራተኛዋ መስመር በቁጥር አራት ረድፍም አለች። በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ፍዘት።

ፕሮፌሰሩ በማጉያ ለረጅም ጊዜ አዩት። እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማል አሉ፤ ጽሑፉ ከሰው ሰው ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ አብዛኛው ልዩነት ክፉም ደግም አያደርግም። እርግጠኛ ነን ወይ ብላ ጠየቀች።

«መስመሯ ጤነኛው ላይም አለች» አሉ። «ጤነኛውን ካላመንን ማንን ልናምን ነው?»

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደርሶ ነበርና ደብዳቤው ተጻፈ። የተየበችው ራሷ ናት። «በሽታ አምጪ ልዩነት አልተገኘም።» ደግማ አነበበችው። አንድም ፊደል አልጎደለም።

በሳምንቱ ወንድሟን ልትጠይቅ እስር ቤት ሄደች። በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ጺሙ አድጎ ተቀምጧል፤ ጠበቃው ቀድሞ ነግሮታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«እትዬ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ ያየሽው?»

«እኔ ራሴ ነኝ።»

«ደግመሽ?»

«ደግሜ።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እሱ በሕይወቱ ካየው ሰው ሁሉ የማትሳሳተው እሷ ናት፤ ልጅ ሆነው እናታቸው የላከቻቸውን ዕቃ የምትቆጥረው እሷ ነበረች። የልጁ አጥንት ጤነኛ ከሆነ የሰበራት ሰው አለ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእሱና ከሚስቱ ሌላ ሰው የለም፤ ሚስቱ እጇ እንደ ላባ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠበቃውን ሳያማክር ተነሥቶ ጥፋቱን አመነ። ቀኑን ሙሉ ብረት እይዛለሁ፣ እጄ ልኩን አያውቅም፣ እኔ መሆን አለብኝ አለ። አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሚስቱ ከዚያ በኋላ ሄዳ አልጠየቀችውም።

ሚዛን ሥራዋን ቀጠለች። ምግብ ቀነሰች፤ ሰው ሲያናግራት በግራ ጆሮዋ በኩል ከሆነ አትሰማም ነበር፤ ግን እሱ የቆየ ነገር ነው። እህል ውሃዋ እንዳለቀ ሰው እየተራመደች ቱቦዎቿን ታጥባለች።

ከሦስት ወር በኋላ ያ ኢንዛይም በብዛት ደረሰ። ፕሮፌሰሩ ስለ አራተኛዋ መስመር አጭር ጽሑፍ ለማውጣት ፈለጉ፤ ጉዳት የሌላት ልዩነት ከሆነች ከስንት ሰው አንዱ ላይ እንደምትገኝ መቆጠር አለበት። ከደም ባንክ የሃያ ሰው ደም አስመጡ። ሚዛን ሃያውን አዘጋጀች፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ለምልክት ልጅቷንና ቁጥር አራትን አስገባች።

ፊልሙን ያመጣው ጨለማው ነው። ያለወትሮው አልቀለደም። መብራቱ ላይ ዘርግቶ ጎን ቆመ። ሃያው ሰው ሦስት ሦስት መስመር ነበረው። አራተኛዋ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ፣ ልጅቷና ቁጥር አራት ላይ፣ ቁጭ ብላለች።

«ይሄስ የኔ ባይሆን ይሻለኛል» አለ ጨለማው ቀስ ብሎ።

ሚዛን ፊልሙን ይዛ ወደ ፕሮፌሰሩ ክፍል ሄደች። ኮሪደሩ ላይ እያለች የቀኝ እጇ አንጓ ትዝ አላት፤ መስኮት ስትዘጋ አንዴ፣ ሻንጣ ስታነሣ አንዴ ተሰብሯል። እናቷም በመጨረሻ ዕድሜዋ ጆሮዋ አይሰማም ነበር፤ አጥር ተደግፋ ሳለ ዳሌዋ ተሰብሮ ነው የሞተችው። በሩ ጋ ስትደርስ የምትጠይቀውን ታውቅ ነበር፤ መልሱን ግን ገና አላወቅሁም ብላ ራሷን ያዘች።

ቁጥር አራት ማን እንደሆነ ጠየቀች። ፕሮፌሰሩ ለምን ፈለግሽው አሉ። ፊልሙን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩ፣ መሳቢያውን ከፈቱ፣ ደብተሩን አወጡ፣ በጣታቸው እስከ ታች ወረዱ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። ድምፃቸው ላይ ገና ድንጋጤ አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ የሚያስደስት ነገር እንዳገኘ ሰው ነበሩ። «ቀለል ያለው ዓይነት ነው ያለብሽ ማለት ነው። ይገርማል። ግን ይሄ ስሕተት እኮ እንዲህ በሜዳ አይገኝም። ከፍርድ ቤቱ ልጅ ጋር ምን አገናኘሽ?»

«አክስቷ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ ደብተሩን ዘጉት። ተነሥተው መጋረጃውን ሳቡና ፊቷን ወደ ብርሃኑ እንድታዞር ነገሯት። የዓይኗ ነጭ ወደ ሰማያዊ ይስባል፤ ሰፈር ውስጥ ያምርባታል የሚሏት ነገር ነው። ይህ የበሽታው ምልክት፣ ከጆሮ መድከም ጋር፣ በየመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ ተማሪዎቻቸውን በፈተና የሚጥሉበትም እሱው ነው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆመሽ ፊልም ስታሳዪኝ» አሉ፣ «እኔ ያየሁት ፊልሙን ነው።» ተቀመጡ። «ዘመዴ ናት ብትዪኝ ቁጥር አራትን ባላስነካሁሽ» አሉ።

የእኔ መሆኑን ቢነግሩኝ እኔም ባልነካሁት፣ የሚል ነገር አፏ ድረስ መጣ። እሷ ዝምድናውን ይዛ ቁጥሩን አላወቀችም፤ እሳቸው ቁጥሩን ይዘው ዝምድናውን አላወቁም። ሁለቱ ግማሾች በአንድ ኮሪደር ላይ፣ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ አምስት ሳምንት ተቀምጠዋል።

ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ፣ አንዳችም አልደበቁም፤ የመጀመሪያውን ሥራ የሠራችው የሕፃኗ አክስት መሆኗን፣ ማነጻጸሪያውም የእሷው ቆዳ እንደነበረ አሰፈሩ። ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንደፈራውም ሆነ። ዐቃቤ ሕጉ ለዳኛው ነገሩን ባጭሩ አስረዳ፤ ያው ቤት ትናንት የለም አለ፣ ዛሬ አለ ይላል፤ በመካከል ላይ የተገኘው አዲስ ነገር ሠራተኛዋ የተፈረደበት ሰው እኅት መሆኗ ነው። ሰውየው ደግሞ በገዛ አንደበቱ አምኗል። ዳኛው ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ በሌላ ቤተ ሙከራ ይታይ አሉ። ከወረፋው ጋር ስምንት ወር፣ ምናልባት ዓመት። እስከዚያ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ሚዛንም የቤቱን ሕግ ስለጣሰች ቁልፏን አስረከበች። ጨለማው ዕቃዋን በካርቶን አድርጎ እስከ በሩ ሸኛት፤ ቱቦዎቿን ሁሉ ስም ጽፌባቸዋለሁ አላት።

ወንድሟን ለመጠየቅ የሄደችው በማግስቱ ነው። ከስቷል። ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳትዘልል ነገረችው።

«አልሰበርካትም» አለችው በመጨረሻ። «ከእናታችን የመጣ ነው። አንተም አለብህ፣ እኔም አለብኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ወንድምየው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር።

«እኔ ግን ትዝ ይለኛል፣ እትዬ» አለ። «እዚህ ገብቼ ስፈልገው ስፈልገው ከረምኩና አገኘሁት። ሹራቧን ሳወልቅላት ነው። እጅጌው ያዘ፤ ሳብ አደረግኩት። ቋ ሲል ሰምቻለሁ።»

«የማንም እጅ ቢሆን ይል ነበር።»

«የማንም አልነበረም። የኔ ነበር።»

ዘበኛው ሰዓት ደረሰ አለ። ወንድሟ ሲነሣ ሐሳቡ ተቀየረና በፍጥነት ያወራ ጀመር፤ አጥንቷ እንዲያ ከሆነ እዚያ ማሳደጊያው ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚያነሷት ያውቃሉ ወይ፣ በብብቷ ይዘው ከሆነስ፣ ሽንት ጨርቋን ሲቀይሩ ቁርጭምጭሚቷን አንጠልጥለው ከሆነስ። ሄደሽ ንገሪያቸው አላት። በሩ እስኪዘጋ ድረስ በሁለት እጁ በአየር ላይ አንድ ነገር ያነሣ ነበር።

የሕፃናት ማሳደጊያው የተፈረደበት ሰው ዘመድ ስለሆነች አላስገባትም። ከቀትር በኋላ ከብረት አጥሩ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ሞግዚት ሽርጥ እንዳደረገች የቆሻሻ ባልዲ ይዛ ወጣች። ሚዛን የልጅቷ አክስት መሆኗን፣ ለመግባት እንዳልመጣች፣ አንድ ነገር ለማሳየት ብቻ እንደሆነ ነገረቻት።

«እህቴ፣ ሠላሳ አንድ ልጅ ነው ያለብኝ» አለች ሞግዚቷ።

ሚዛን ኮቷን አወለቀች፤ ጠቅልላ ሕፃን አስመሰለችው። አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላው ተዘርግቶ ከትከሻዋና ከጭንቅላቷ ሥር፤ ጣት አይጨብጥም፣ መዳፍ ነው የሚሸከመው። ሽንት ጨርቅ ሲቀየር እግር አይነሣም፤ ከታች ገብቶ ወገብ ነው የሚነሣው። እጅጌ ሲለበስ እጁ ወደ እጅጌው አይሳብም፤ እጅጌው ይሰበሰብና ወደ እጁ ይሄዳል። ሞግዚቷ ባልዲውን አስቀምጣ ማየት ጀመረች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ቀኝ እግሯ በጀሶ ነው ያለው» አለች፤ ዘወር ብላ ወደ ሕንጻው አይታ። «ሁለት ሳምንቱ። ጨርቋን እየቀየርኩላት ነበር። በእግዜር ስም፣ ምንም አላደረግኳትም። ብቻ ቋ አለ።»

ሚዛን የአጥሩን ብረት ያዘች። ይህን ዳኛው ፊት እንድትናገር ለመነቻት፤ አባትየው በአንድ ቀን ሊወጣ እንደሚችል፣ ከማንም ቤተ ሙከራ ይልቅ የእሷ ቃል እንደሚሰማ ነገረቻት።

«መዝገቡ ላይ ከአልጋ ወደቀች ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች። «ምን ልጽፍ ኖሯል? ቋ አለ ብል አባቷን ያላመኑ እኔን ያምኑኛል? እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እህቴ። ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፣ አልናገርምም።»

ከውስጥ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ሚዛን የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት በቀኝ ጆሮዋ አዳመጠች፣ አልቻለችም። ሞግዚቷ ባልዲውን አነሣች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ተመልሳ መጣችና ባልዲውን መሬት ላይ አድርጋ ሁለቱን እጆቿን በብረቶቹ መካከል አሾለከች፤ መዳፏ በሳሙና የተላጠ ነበር።

«ኮቱን አምጪው» አለች። «ወገቡ ላይ ያልሽው አልገባኝም።»